የዓሣ ተውሳክን በዕፅዋት ማከም፦ ከምርመራ እስከ ልኬት

«ቅጠል ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚባለው ነገር ዓሣ ገንዳ አጠገብ አይሠራም። እኛ የቅጠል ሻይ ስንጠጣ ሆድና ጉበት ያጣሩልናል። ዓሣ ግን መድኃኒቱ ውስጥ ነው የሚውለው። ውሃው ላይ የጨመራችሁት ሁሉ በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻው በኩል፣ ቀጥታ ወደ ደሙ ይገባል። ብርብራም እንዶድም ዕፅዋት ናቸው። ሁለቱም ዓሣ ይፈጃሉ።

ይህ ማለት ዕፅዋት አይረቡም ማለት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት፣ ኒም፣ የፓፓያ ዘርና የአንዳንድ ዛፎች ቅጠል በዓሣ ተውሳኮች ላይ ተሞክረው ውጤት አሳይተዋል። የሚሠሩት ግን ተውሳኩን ለይታችሁ፣ ውሃውን ለክታችሁ፣ ተውሳኩ በሚጋለጥበት ሰዓት ስትሰጧቸው ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቅጠል ማባከን ብቻ ነው ትርፉ። ባስ ሲልም ዓሣውን መጨረስ።

ደረጃ 1፦ ችግሩ በእርግጥ ተውሳክ ነው?

ተውሳክ የያዘው ዓሣ ሰውነቱን ከገንዳው ግድግዳና ከወለሉ ጋር ያሻሻል። ድንገት ይፈተለካል፣ ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ያጣብቃል፣ መኖ ይቀንሳል። ቆዳው ላይ ዝልግልግ ፈሳሽ ይበዛና ግራጫ ሽፋን የለበሰ ይመስላል። ስንጥቡ ከተጠቃ ውሃ ወደሚገባበት ቱቦ ተሰብስቦ አፉን ይከፍታል።

ችግሩ፣ ኦክስጅን ያነሰበት ወይም አሞኒያ የበዛበት ዓሣም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። አንድ ቀላል መለያ አለ። ዓሦቹ ሊነጋጋ ሲል ውሃው ላይ ወጥተው አየር እየጎረሱ፣ ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ደህና የሚሆኑ ከሆነ፣ ነገሩ በአብዛኛው ኦክስጅን ነው። ሌሊት አልጌውም ዓሣውም ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ጠዋት አልጌው በብርሃን መልሶ ያመርተዋል። በዚህ ሁኔታ ቅጠል ብትጨምሩ የሚበሰብሰው ቅጠል ራሱ የቀረውን ኦክስጅን ይበላዋል።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ኦክስጅን፣ አሞኒያ፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት መጠን) እና ሙቀት ለኩ። ከነዚህ አንዱ የተበላሸ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ብዙ ጊዜ «በሽታው» እዚያው ላይ ያበቃል።

ደረጃ 2፦ ተውሳኩን በስም እወቁት

በዓይን የሚታዩት ሁለት ናቸው። አንዱ አርጉለስ፣ የዓሣ ቅማል የሚባለው ነው። ጠፍጣፋ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር ይሆናል፤ ቆዳው ላይ ሲንሸራተት ታዩታላችሁ። ሌላው ለርኒያ ነው። ጭንቅላቱን ሥጋው ውስጥ እንደ መልህቅ ቀብሮ፣ ቀጭን ክር የመሰለ ሰውነቱን ውጭ ያንጠለጥላል።

ለቀሩት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ውድ መሆን የለበትም። ከ40 እስከ 100 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። የሚመረመረው ዓሣ በቅርቡ የሞተ ሳይሆን በሕይወት ያለና ምልክት የሚያሳይ ይሁን፤ ብዙ ተውሳኮች ዓሣው እንደሞተ ጥለውት ይሄዳሉ።

በእርጥብ እጅ ያዙት። በስላይድ ጠርዝ ወይም በደነዘ ቢላ ጀርባ ከጭንቅላቱ ወደ ጅራቱ፣ ከክንፉ ሥር አካባቢ፣ ቀስ ብላችሁ ፋቁ። የወጣውን ዝልግልግ ስላይድ ላይ ካለ አንድ ጠብታ የገንዳ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ በስስ መስታወት ክደኑት። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። ክሎሪን ካለበት ልታዩት የፈለጋችሁትን ይገድለዋል። ከዚያ ወዲያው ተመልከቱ።

ክብ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት ያለው፣ እንደ ተሽከርካሪ ጎማ የሚዞር ነገር ካያችሁ ትራይኮዲና ነው። ትልቅ፣ ጠቆር ያለ፣ በዝግታ የሚንከባለልና ውስጡ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ከሆነ ኢክ ነው፤ የነጭ ነጥብ በሽታ አምጪው። እንደ አልቅት የሚለጠጥና የሚኮማተር፣ በአንድ ጫፉ መንጠቆ ያለው ትል ካያችሁ ደግሞ ከሁለት አንዱ ነው። ዓይን የሌለውና ሆዱ ውስጥ መንጠቆ ያለው ልጅ የተሸከመ ከሆነ ጋይሮዳክቲለስ ነው። አራት ጥቁር የዓይን ነጠብጣብ ያለውና ስንጥብ ላይ የተገኘ ከሆነ ዳክቲሎጋይረስ ወይም የቅርብ ዘመዱ ነው።

በአንድ እይታ ስንት እንዳያችሁ ጻፉ። ከሕክምናው በኋላ የምታወዳድሩት ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

ደረጃ 3፦ መድኃኒቱ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው ያለው?

ትራይኮዲና ሕይወቱን ሙሉ ውጭ ላይ ነው የሚኖረው። ውሃ ላይ የተጨመረ መድኃኒት በቀላሉ ያገኘዋል።

ኢክ ግን ተንኮለኛ ነው። የምታዩት ነጭ ነጥብ ከቆዳው ሥር የተሸሸገ ተውሳክ ስለሆነ ምንም ብትጨምሩ አይደርስበትም። ሲጠግብ ከዓሣው ይወድቅና ወለሉ ላይ ዛጎል ሠርቶ ይከፋፈላል። ከአንዱ ብዙ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ልጆች ይወጣሉ። እነዚህ ዋናተኞች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መምታት ያለባችሁ ያኔ፣ ገና ሲዋኙ ነው። ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ሙሉ ዑደቱ ሳምንት አይሞላም። 10 ዲግሪ ላይ ከወር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ኢክን በአንድ ጊዜ መንከር የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ከዕፅዋትም ከኬሚካልም።

ጋይሮዳክቲለስ እንቁላል አይጥልም። ልጁን በሕይወት ይወልዳል፤ ልጁም ሆዱ ውስጥ የራሱን ልጅ ይዞ ይወለዳል። በፍጥነት ይባዛል፣ ግን ውጭ ላይ ያለውን ከመታችሁ የሚፈለፈል ነገር አይቀርም። ዳክቲሎጋይረስ በተቃራኒው እንቁላል ይጥላል። እንቁላሉ መድኃኒት የማይበግረው ነው። ስለዚህ እስኪፈለፈል ጠብቆ መድገም ግድ ነው።

የአንጀት ትል በመኖ በኩል ነው የሚታከመው። ሥጋ ውስጥ ቢጫ ወይም ነጭ ከረጢት ሠርቶ የተቀመጠ እጭ ካገኛችሁ ግን ቅጠሉን ተዉት። አይደርስበትም። እሱ ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ዓሣ በል ወፎች የሚዞር ነው። መፍትሔው የኩሬውን ዳር አረም ማጽዳት፣ ቀንድ አውጣ ማስወገድና ወፍ በመረብ መከልከል ነው።

ደረጃ 4፦ ዕፁን መምረጥና ማዘጋጀት

*ነጭ ሽንኩርት።* አንዱን ብቻ ምረጡ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የሚሠራው ንጥረ ነገር አሊሲን ይባላል። ባልተነካ ሽንኩርት ውስጥ ግን አሊሲን የለም ማለት ይቻላል። ሲደቆስ ነው አንድ ኢንዛይም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ብቅ ሲል ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ልጣችሁ ደቁሱት፤ 10 ደቂቃ አስቀምጡት፤ ከዚያ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በጥብጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት። አትቀቅሉት። ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። አድሮ የዋለ ጭማቂም አቅሙ ይደክማል፤ በዕለቱ አዘጋጅታችሁ በዕለቱ ተጠቀሙ።

በቤተ ሙከራ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ የኢክን ዋናተኞች በሊትር 62.5 ሚሊግራም በ15 ሰዓት ገድሏል። ዛጎል ውስጥ ያሉትን ለመግደል ግን በሊትር 570 ሚሊግራም አስፈልጓል። የቲላፒያ ጫጩቶች ላይ ትራይኮዲናን ለማጥፋት የተሠራበት መጠን በሊትር 800 ሚሊግራም ገደማ ነበር። እነዚህን ቁጥሮች እንደ አቅጣጫ ያዟቸው፤ ሽንኩርቱ እንደየዝርያውና እንደየዕድሜው ይለያያል።

*የሐሩር ለውዝ ቅጠል (ተርሚናሊያ ካታፓ)።* ደርቆ የወደቀው ቅጠል በታኒን የበለጸገ ነው። ትራይኮዲና ላይ ከነጭ ሽንኩርት ጋር በተቀራራቢ መጠን ሠርቷል። ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል፤ ፒኤቹንም ዝቅ ያደርጋል። ውሃችሁ ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰው ከሆነ፣ ከመጨመራችሁ በፊትና በኋላ ፒኤች ለኩ።

*ኒም።* አዛዲራክቲን የሚባለው ንጥረ ነገሩ የነፍሳትና የመሰሎቻቸውን እድገት ያዛባል። ቅርፊታቸውን ለውጠው እንዳያድጉ ያደርጋል። ስለዚህ አርጉለስ ላይ ይመረጣል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የፀሐይ ብርሃን በቶሎ ያፈርሰዋል፤ ምሽት ላይ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ በጫጩት ኩሬ ውስጥ ጫጩቶቹ የሚበሏቸውን ጥቃቅን እንስሳትም ይመታል። ለሰብል ተባይ ተብሎ የታሸገ የኒም ዘይት ደግሞ ለዓሣ አይሆንም። ዘይቱን ከውሃ ለማዋሃድ የተጨመረው ኬሚካል ስንጥብ ሊጎዳ ይችላል።

*የፓፓያ ዘር።* ኢክ ላይ ጥሩ ውጤት የተገኘበት ሙከራ አለ፤ በሊትር 200 ሚሊግራም ተሰጥቶ የተውሳኩ ቁጥር በአራት ቀን በ90 በመቶ ቀንሷል። ግን እሱ በፔትሮሊየም ኤተር፣ ማለትም በኬሚካል ማሟሚያ፣ የተጨመቀ ነው። እናንተ በውሃ ስትዘፈዝፉት የሚወጣው ሌላ ነገር ነውና ቁጥሩን እንዳለ አትውሰዱ። በመኖ የተሰጠ የፓፓያ ዘር የወንድ ቲላፒያን የመራባት አቅም እንደሚጎዳም ታይቷል። ለእርባታ ለያችሁ ያስቀመጣችኋቸውን ወንዶች ከሱ አርቁ።

*የዱባ ፍሬ።* ጥሬውን ፈጭቶ ከመኖ ጋር ለኮሶ ትል መሰል የአንጀት ትሎች ይሰጣል። በዓሣ ላይ ያለው ማስረጃ ቀጭን ነው። ጉዳት ግን የለውም።

አሁን ደግሞ በጭራሽ የማይሞከሩት። *ብርብራ* ሮቴኖን አለው። ሮቴኖን ሕዋሳት ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ስለሚዘጋ፣ ዓሣው ኦክስጅን በሞላው ውሃ ውስጥ እንደታፈነ ይሞታል። *እንዶድ* ሳፖኒን አለው፤ ስንጥብና ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቀንድ አውጣ መግደሉ እውነት ነው፣ ግን ዓሣ ያለበት ውሃ ውስጥ አይሆንም። *ትምባሆም* ያው ነው፤ ኒኮቲን ዓሣን ይመርዛል።

ደረጃ 5፦ ውሃውን ለኩ

ርዝመት በስፋት በጥልቀት፣ ሁሉም በሜትር። ውጤቱን በ1,000 ስታባዙ ሊትር ይሆናል። ጥልቀት ማለት የገንዳው ግድግዳ ሳይሆን የውሃው ከፍታ ነው።

2 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋትና 0.6 ሜትር ውሃ ያለው ገንዳ 1.8 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,800 ሊትር ይይዛል። በሊትር 800 ሚሊግራም ከሆነ 1,440 ግራም ነጭ ሽንኩርት ነው። ለ200 ሊትር በርሜል ግን 160 ግራም ይበቃል።

እስቲ ይህንኑ ለኩሬ አስሉት። 20 በ10 ሜትር ሆኖ 1 ሜትር የጠለቀ ኩሬ 160 ኪሎ ይፈልጋል። ማን ልጦ ይጨርሰዋል? ቢላጥስ? ያ ሁሉ ነገር ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ያሟጥጠዋል። ለዚህ ነው ኩሬን ሙሉ በዕፅዋት ማከም የማልመክረው። ዓሣውን አውጥቶ በትንሽ ዕቃ መንከር ይሻላል። ለኩሬው በመኖ በኩል መሄድ ነው።

ደረጃ 6፦ በጥቂት ዓሣ ሞክሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ «ጊዜ የለኝም» እያለ። ሙሉ ገንዳ ዓሣ ሲሞት የሚባክነው ጊዜ ግን አይታሰብም።

ሦስት ባልዲ፣ እያንዳንዱ 20 ሊትር ውሃ ከዚያው ገንዳ። በአንዱ ምንም አትጨምሩ። በሁለተኛው ግማሽ መጠን፣ በሦስተኛው ሙሉ መጠን። በ800 ሚሊግራም ሒሳብ 8 ግራምና 16 ግራም ማለት ነው። በየባልዲው አምስት አምስት ዓሣና የአየር መንፊያ ጫፍ አስገቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ንጹሕ ውሃ አውጧቸውና እስከ ማግስቱ ተመልከቷቸው። ምክንያቱም የስንጥብ ጉዳት ወዲያው ላይታይ ይችላል። በማግስቱ ሁሉም በሕይወት ካሉና መኖ ከበሉ፣ ከየባልዲው አንድ አንድ ዓሣ ፍቃችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ። ግማሹ መጠን ተውሳኩን ካወረደው ሙሉው ምን ያደርጋል?

አዲስ ቅጠል ወይም አዲስ ሽንኩርት ባመጣችሁ ቁጥር ይህ ይደገማል። ከአንድ ዛፍ በበጋ የተለቀመና በክረምት የተለቀመ ቅጠል እኩል አይደሉም።

ደረጃ 7፦ መንከሩ

ዓሣውን ከ24 ሰዓት በፊት ጀምሮ አትመግቡት። ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ኦክስጅን የሚፈልገው ያነሰ ነው፤ ውሃውንም አያቆሽሽም። ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ሥሩ። የገንዳውና የመንከሪያው ሙቀት ከ2 ዲግሪ በላይ አይራራቅ። አየር መንፊያውን ዓሣው ሳይገባ አስነሱት።

የተጠለለውን ጭማቂ አንድ ቦታ ላይ አትዘርግፉ። በሁሉም በኩል እያዳረሳችሁ አማስሉት። ዓሦቹን በመረብ ቅርጫት ውስጥ አድርጋችሁ አስገቧቸው፤ ነገር ከተበላሸ በአንድ እጅ ብድግ ማድረግ እንድትችሉ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ። ንጹሕ ውሃ የሞላ ገንዳ አጠገባችሁ ይዘጋጅ።

ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉና ዓሣውን እዩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መረበሽ ያለ ነው። ዓሣው ወደ ጎን ካጋደለ፣ እየዘለለ ለመውጣት ከሞከረ፣ ወይም ላይ ወጥቶ አየር መጎረስ ከጀመረ ደቂቃው አልሞላም ብላችሁ አትጠብቁ። አውጡት።

ያገለገለውን ውሃ ወደ ገንዳው አትመልሱ። በተለይ ውሃው በማጣሪያ የሚዞር ከሆነ ነጭ ሽንኩርት አሞኒያን የሚያስወግዱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊያዳክም ይችላል። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሌላ ሰው ኩሬም አትልቀቁት።

ደረጃ 8፦ በመኖ መስጠት

መኖ ጤነኛ ለሆኑትና ገና ለሚበሉት ነው። የታመመ ዓሣ መኖ ስለማይነካ በመኖ ብቻ እፈውሳለሁ ማለት ዘበት ነው። ለመከላከልና ከመንከር ጋር ለማጀብ ግን ጥሩ ነው።

ለቲላፒያ በአንድ ኪሎ መኖ ከ10 እስከ 30 ግራም የነጭ ሽንኩርት ዱቄት የተለመደ መጠን ነው፤ እድገትንና የሰውነት መከላከያን እንደሚያግዝ በሙከራ ታይቷል። ተውሳክ ለማስለቀቅ ከዚህ በጣም ከፍ ያለ መጠንም ተሞክሯል። ጋይሮዳክቲለስ በያዛቸው ጋፒ በሚባሉ ትናንሽ የጌጥ ዓሣዎች ላይ ከመኖው 10 እና 20 በመቶው የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ሆኖ ለ14 ቀን ተሰጥቶ ቀንሶታል። ያን ያህል ሽታ ሁሉም ዓሣ አይወደውም። ከትንሹ ጀምራችሁ መብላታቸውን እያያችሁ ጨምሩ።

ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ መኖው ላይ እርጩ፤ አገላብጡ። ከዚያ በኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና አሹት። ዘይቱ መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ታጥቦ እንዳይቀር ይሸፍነዋል። ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ከሁለት ሦስት ቀን በላይ የሚሆን አታዘጋጁ። ሻገተ ማለት መርዝ ሆነ ማለት ነው።

ደረጃ 9፦ መድገምና ማጣራት

ለትራይኮዲናና ለጋይሮዳክቲለስ ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ፍቁ። ቁጥሩ ከወረደ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ታቆማላችሁ። ለዳክቲሎጋይረስ በሞቃት ውሃ ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ጨምሩ። ለኢክ በሞቃት ውሃ በየሁለት ቀኑ፣ የመጨረሻው ነጭ ነጥብ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ሁለት ዙር። ሁለት ገንዳ ካላችሁ ለኢክ ከቅጠል የሚበልጥ ዘዴ አለ። ለአንድ ሳምንት ዓሣውን በየቀኑ፣ ጸድቶና ደርቆ ንጹሕ ውሃ ወደተሞላው ሌላ ገንዳ አዛውሩት። ከዓሣው የወደቀው ተውሳክ ልጆቹን ሳያደርስ ውሃው ይደፋል።

ለአርጉለስ ደግሞ እንቁላሉን አጥምዱ። ሴቷ እንቁላሏን የምትለጥፈው ጠንካራ ነገር ላይ ነው። ለስላሳ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ፕላስቲክ በገመድ አንጠልጥሉላት። በየሳምንቱ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ፍቁት፣ መልሱት። ኒሙ ያሉትን ሲያዳክም ጣውላው የሚመጡትን ይቀንሳል።

ከሁለት ዙር በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ ወይም የሚሞተው ዓሣ በየቀኑ ከጨመረ ቅጠሉን ሙጥኝ አትበሉ። የዓሣ ጤና ባለሙያ ጥሩ። ለአንዳንዱ ተውሳክ ጨው ወይም የተፈቀደ መድኃኒት በፍጥነት ይሠራል። ስትጠሩት ደግሞ ምን እንደሰጣችሁ፣ በስንት ግራምና በስንት ሊትር እንደሆነ ንገሩት። በላይ በላዩ የሚጨመር መድኃኒት ስንጥብ ላይ ይደራረባል።

ለገበያ ወይም ለማዕድ የደረሰ ዓሣ ካላችሁ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን መኖ ዓሣውን ከማጥመዳችሁ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ አቁሙና ዓሣውን በንጹሕ ውሃ አቆዩት። አንዱን ቀድማችሁ ጠብሳችሁ ቅመሱ። ሽታው ሥጋው ላይ ካለ ሌላ ጥቂት ቀን ጨምሩለት።